ጾም ይዞኝ ነው እንጂ

በእኛ ቤት ሁዳዴ የሚገባው ሰኞ ጠዋት አይደለም፤ ባለቤቴ የፍስኩን ድስት አጥባ፣ በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሳጥን አናት ላይ የሰቀለች ጊዜ ነው። ይህም የሚሆነው በቅበላው እሑድ ማታ፣ እኛ ገና ጥርሳችንን እየጎረጎርን ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ ለ55 ቀን የፍስክ ቢላዋ የጾም ሽንኩርት አይነካም።

የፍተሻው ኃላፊ ሦስተኛ ክፍል የሚማረው ልጃችን ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ ከጀመረ ወዲህ ቤት የገባ የታሸገ ነገር ሁሉ ጀርባው ሳይነበብ አይከፈትም። አንድ ቀን የባለቤቴ ጓደኛ «የጾም ነው» ብላ ብስኩት ይዛ መጣች። ልጁ እሽጉን አገላበጠና፣ ሌባ እንደያዘ ዘበኛ ደስ እያለው «እትዬ፣ የወተት ዱቄት አለበት!» አለ። ሴትዮዋ የምትገባበት ጠፋት። አማቴ ብስኩቱን ቀበል አድርገው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ለፋሲካ ይቀመጣል» አሉና ወደ ልጁ ዞረው «እንግዳ ማሳፈርስ ፍስክ አይደለም ወይ?» አሉት። ልጁ ይህ እሽጉ ላይ አልተጻፈም ብሎ ዝም አለ።

የምግቡ ነገር ብዙም አያሳስብም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ሱፉ፣ ስልጆው ከተደረደረ በኋላ «ጾም ጎዳኝ» የሚል ሰው ሆዱ ራሱ ይታዘበዋል። አሁን ደግሞ የጾም ማኪያቶና የጾም ፒዛ መጥቷል። የዓሣውን ክርክር እንኳ ተዉት፤ እሱ በየዓመቱ ተነሥቶ፣ በየዓመቱ ሳያልቅ ያድራል። የሚከብደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ነው። የሳሎናችን ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀድማል። ከጾም ውጪ ሁላችንም እንሰድበዋለን፤ በሁዳዴ ግን ከእሱ የበለጠ የሚታመን የለም። አማቴ ብቻ «እኔ በግድግዳ አልገድፍም» ብለው የቅዳሴውን መውጫ ይጠብቃሉ። እሳቸው ሳይቀመጡ ደግሞ ማን ደፍሮ መሶብ ይከፍታል?

ታዲያ ረሃቡ ሲጠና ወደ ምላስ ይወጣል። ሳምንቶቹ ከቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ የወረሱት ስም አላቸው፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ እያሉ ይቀጥላሉ። ዘወረደን በትጋት፣ ቅድስትን በትዕግሥት እናልፋለን። ምኩራብ፣ ማለትም ጌታ ነጋዴዎችን ከቤተ መቅደስ ማስወጣቱ የሚታሰብበት ሦስተኛው ሳምንት፣ በእኛ ቤት ባለቤቴ የኳስ ተመልካቾችን ከሳሎን የምታስወጣበት ነው። ያን ጊዜ ነው ያቺ የታወቀች ንግግር የምትመጣው፦ «ጾም ይዞኝ ነው እንጂ…»

ይህችን ንግግር ልብ በሉልኝ። ከስድብ ትከፋለች። ስድብ ወጥቶ ያልቃል፤ «ጾም ይዞኝ ነው እንጂ» ግን ገና አልወጣም፤ ከቅቤው ጋር ማቀዝቀዣ ገብቶ ፋሲካን ይጠብቃል። ለመልሱም አታመችም። «ምን ልትይኝ ነበር?» ብትሉ ጾም አስገዳፊ ትባላላችሁ። ዝም ብትሉ ደግሞ ዝምታው ስግደት ተብሎ አይቆጠርላችሁም። ባለቤቴ በዚህ የተካነች ናት፤ እኔም አላንስም። ሁለታችንም ሥጋና ወተት ሳንቀምስ፣ ሳንነጋገር የዋልንበት ቀን አለ። በቆጠራ ብንሄድ ፍጹም ጿሚዎች ነን።

ጉዳችን የሚታየው ማዕድ ላይ ነው። አማቴ ሲያስጀምሩ ቆመን አባታችን ሆይ እንላለን። መጀመሪያው ላይ የሁሉም ድምፅ እኩል ነው። ይቅርታ የሚጠየቅበት ቦታ ስንደርስ የእኔና የባለቤቴ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ልጆቹ ብቻ እየጮኹ ይሻገራሉ። አማቴ ዐይናቸውን ሳይገልጡ «አልተሰማኝም፣ ከዚያ ጋ መልሱት» ይላሉ። እንደገና እንላለን። ሽሮው ይቀዘቅዛል። አሁንም ካልተሰማቸው ሦስተኛ ያስደግሙናል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል የሚባሉት ሴትዮ ንቅንቅ አይሉም። በመጨረሻ ከረሃብ ይሁን ከንስሐ ያልለየለት ትልቅ ድምፅ ይወጣናል፤ ባለቤቴም ሳቋ ያመልጣታል። «በሉ ተቀመጡ» ይባላል። ነፍስ አባታችን ይህን ሲሰሙ «ከእኔ ቀኖና የእሳቸው ይበልጣል» ብለዋል።

እንግዲህ ባለትዳሮች ሆይ፣ የመጪው ዓመት ቅበላ ሲደርስ ሥጋ ቤት ከመሰለፋችሁ በፊት ቤት ውስጥ ያደረውን ተነጋግራችሁ ጨርሱ። ሥጋ ቤቱ እንደሆነ እሑድ እስከ ማታ ክፍት ነው።