ጋሼ፣ ካምቢዮውን አላወረድኩትም

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

  እኔ ከናፍቆታችሁና ከፍሪሲዮኔ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ሳማክርዎ «አንድ ፍሪሲዮን ምን ይላል! ራስህ አውርደህ አትቀይረውም?» ብለው ስልኩን ለእናቴ አቀበሏት። እሷ ደግሞ «ፍሪሲዮኔ አለቀ» የሚለው ብቻ ጆሮዋ ገብቶ ኖሮ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» አለችኝ። እሷን ሳረጋጋ ካርዴ አለቀ። ስለዚህ በስልክ የተቋረጠውን ክርክር በደብዳቤ ልጨርሰው።

ጋሼ፣ እርስዎ በኤንትሬ ከባድ መኪና አሰብ መንገድ ላይ ያረጁ ሰው ነዎት። ሚሌ አጠገብ በረሃ ላይ ካምቢዮ አውርደው፣ የፍሪሲዮን ሸራ ቀይረው፣ በማግስቱ ኮምቦልቻ የገቡበትን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ልጅ እያለሁ ሥራው ሌሊቱን ሙሉ ነበር የፈጀው፤ አሁን አሁን ወደ ሁለት ሰዓት ወርዷል። ግን በታሪኩ ውስጥ ሁልጊዜ የሚረሳ አንድ ሰው አለ፤ ረዳትዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከመኪናው ሥር በጀርባው የተኛው እሱ አልነበረም እንዴ? እኔ እዚህ ረዳት የለኝም። ክርክሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መኪናዋ እንደ ፈረንጁ አቆጣጠር የ2005 ኮሮላ ናት። ማንዋል ስለሆነች በ2,600 ዶላር ረከሰችልኝ፤ እዚህ አገር ማርሽ የሚቀይር ሰው እንደ ቅኔ አዋቂ እየተመናመነ ነው። የምሠራበት ሆቴል መኪና ማቆሚያ አንድ እንግዳ ማንዋል ይዞ ሲመጣ የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ ወደ እኔ ይጠቁማሉ፤ እኔም እንደ ተጋበዘ አዝማሪ ጉሮሮዬን ጠርጌ እገባለሁ። የእርስዎ ተማሪ መሆኔንም ለሁሉም ነግሬያለሁ። አሁን ነው የቆጨኝ።

በሽታው የታወቀኝ 395 ላይ ነው፤ በየቀኑ ወደ ዋሽንግተን የምገባበት መንገድ ነው። በ4ኛ ማርሽ ስረግጣት ሞተሩ ይጮሃል፤ መኪናዋ ግን እንዳለች ናት። ሰርግ ቤት ጮኾ ጮኾ አንድ ብር እንደሚሸልም ሰው ሆነችብኝ። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ ባረረ ጎማና ባረረ ሽሮ መካከል ያለ ሽታ። ያስተማሩኝን ፈተና ፈተንኳት፤ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ 4ኛ አስገባሁ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ጤነኛ ቢሆን ሞተሩ እዚያው ድርግም ብሎ መጥፋት ነበረበት። የእኔው ምንም እንዳልተነካ ማጓራቱን ቀጠለ።

ያየሁት የመጀመሪያ ጋራዥ 1,350 ዶላር ጠየቀኝ። እባክዎ በብር አያባዙት፤ ካባዙትም ለእናቴ አይንገሯት። ዕቃው ተሟልቶ፣ ማለትም ዲስኩ፣ የሚጫነው ሳህንና ኩሽኔታው፣ 170 ዶላር ነው። የቀረው የእጅ ዋጋ ነው። ለመኪናዋ ከከፈልኩት ግማሽ ያህሉን ለአንድ ክብ ሸራ ልከፍል ነው ማለት ነው። ያን ዕለት ማታ የእርስዎ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ሲደውል አደረ።

ደግሞም እዚህ አገር ሰው አልጋውን ራሱ ገጥሞ ይተኛል፣ ቤንዚኑን ራሱ ይቀዳል። መለዋወጫ ሱቁ እንኳ ገንዘብ አስይዞ መሣሪያ ያውሳል፤ ሲመልሱለት ገንዘቡን ይመልሳል። ዩቲዩብ ላይ አንድ ጢማም ሰውዬ የእኔኑ ዓይነት ኮሮላ ፍሪሲዮን በ19 ደቂቃ ሲጨርስ አየሁና ወኔዬ ተነሳ። ሰውዬው በ19 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሸሚዝ እንደቀየረ ያስተዋለው አብሮኝ የሚኖረው የጎንደር ልጅ ነው። እሱው ራሱ ግን «አታስብ፣ ከሥር ሆኜ እይዝልሃለሁ» አለኝ። በነጠላ ጫማ ነበር የቆመው።

ቅዳሜ ጠዋት የእጅ ባትሪ አብርቼ ገብቼ ለማየት ወሰንኩ። የመኪናዋን ክሪክ ብቻ አምኖ ከሥር መግባት ሞኝነት መሆኑን ራስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፤ ስለዚህ ደግፎ የሚይዝ ብረት ተውሼ አቆምኳት። ከዚያ መቁጠር ጀመርኩ። ባትሪው ይወጣል። ሞተሪኖው ይወጣል። የካምቢዮው ዘይት ይቀዳል፣ የፊት ጎማዎች ይፈታሉ፣ ወደ ጎማ የሚሄዱት ሁለት ዘንጎች ይነቀላሉ። ሞተሩ ካምቢዮው ላይም ተደግፎ የተቀመጠ ስለሆነ ከላይ በሰንሰለት መንጠልጠል አለበት። ከዚያ ዙሪያውን ያሉት ቡሎኖች፤ ገሚሱ በ14 ቁልፍ፣ ገሚሱ በ17። አንደኛው ከኋላ ተወሽቋል፤ ዓይን ሲያየው እጅ አይደርስበት፣ እጅ ሲደርስበት ዓይን አያየው። በአንድ ጣት ዳስሼው ዝገቱ ጥፍሬ ሥር ቀረ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ የኩንታል ሲሶ የሚያህል ብረት ደረቴ ላይ ይወርዳል። ማውረዱስ ይሁን፣ መሬት ራሷ ታግዛለች። መልሶ መስቀሉ ነው! ዘንጉ ዲስኩ መሃል ያሉትን ጥርሶች አግኝቶ እንዲገባ ዲስኩ ልክ መካከሉ ላይ መታሰር አለበት፤ ለዚሁ ሥራ የምታገለግል አንዲት የፕላስቲክ በትር ከዕቃው ጋር ትመጣለች። ዲስኩ በጀርባው የተገጠመ እንደሆነ ደግሞ ሁሉም እንደገና ይወርዳል። የጎንደሩ ልጅ ይህን ስነግረው ቡና ላፍላ ብሎ ገባ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

እዚያው ተጋድሜ ሳስብ የግቢው አስተዳዳሪ ጫማ አጠገቤ ቆመ። ውሌ ላይ፣ ለካ ፈርሜበታለሁ፣ በግቢው ውስጥ መኪና መጠገን ክልክል ነው። ተፈትቶ የተገኘ መኪና ይጎተታል። ጎታቹ ደግሞ ሌሊት ሌሊት እንደ ጥንብ አንሳ ሲያንዣብብ ነው የሚያድረው። «እያየኋት ነው» አልኩት። «እያየህ ጨርስ» አለኝ።

ሒሳቡን ያኔ ጨረስኩት። ሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሥራ እገባለሁ። እሑድ ማታ ካምቢዮው መሬት ላይ ከቀረ መኪናዋም ትጎተታለች፣ ሥራዬም አብሮ ይጎተታል። እርስዎ ሚሌ ላይ የሚጎትትዎት አልነበረም፤ በረሃው በነፃ ነበር ያቆየዎት።

ከአንድ ምንጣፍ መሸጫ ጀርባ ያገሬ ልጅ ጋራዥ እንዳለው ሰምቼ እየተንፏቀቅኩ ሄድኩ። «ፍሪሲዮን ነው» ሲል ቃሉን ብቻ ሰምቼ ልቤ ረጋ። ዕቃውን ራሴ ገዝቼ ላመጣ፣ ለእጁ 550 ልከፍል ተስማማን፤ ቆሜ እንዳይም ፈቀደልኝ። መኪና ማንሻው ላይ ሰቅለው፣ ሁለት ሆነው፣ 5 ሰዓት ፈጀባቸው። ሲከፈት ሸራው አልቆ ብረቱ ብረት ይፍቅ ነበር፤ ቮላኖው በቃጠሎ ሰማያዊ ነጠብጣብ አውጥቷል። ሰውዬው ግን መጀመሪያ ያየው ይህን አይደለም። ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ዘይት ማገጃ ጎማ በጣቱ ጠረገና ጣቱን አሳየኝ፤ ረጥቧል። 40 ዶላር ጨምሬ አስቀየርኩት። ጋሼ፣ እኔ ብሆን ጨርቅ አለፍ አድርጌበት ነበር የምዘጋው፤ አዲሱ ዲስክም በወሩ ዘይት ጠጥቶ ይንሸራተት ነበር።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ። ሰውዬው ዲስኩን እያገላበጠ «የግራ እግርህን የት ነው የምታሳርፈው?» አለኝ። ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ «ፔዳሉ የእግር ማሳረፊያ አይደለም!» ብለው ጭኔን ያጮሉት ጥፊ እንደ አዲስ አቃጠለኝ። 395 ላይ መንገዱ ሲጨናነቅ እግሬ የት እንደሚውል እኔ አውቃለሁ። «የድሮው ባለቤት ነው እንዲህ ያደረጋት» አልኩት። አላመነኝም።

የዛሬ ሳምንት ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው አለ። ለእናቴ ጫማ፣ ለእርስዎ የደም ግፊት መለኪያ ልኬያለሁ። አሮጌውን ዲስክም ጨምሬበታለሁ፤ ይዩትና የኔ እግር ሥራ ነው ወይስ የድሮው ባለቤት፣ ይፍረዱኝ። ከጫማው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ነው። ጥቁር ዱቄት ይለቃልና እናቴ ሳታይ ቀድመው ያውጡት።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ