ለማጠናከር ያህል፦ በትንሽ ከተማ የበጀት ስብሰባ ተናጋሪዎች አመዳደብ ላይ የቀረበ ጥናት

የአገራችን ወፎች ተመድበዋል። ዋልያውም ጭላዳውም ምሁር አላጡም። በየዓመቱ ክረምቱ ሲገባ በከተማ አዳራሽ ውስጥ እጁን አውጥቶ ማይክ የሚጠባበቀው ፍጡር ግን እስካሁን አጥኚ አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። ከተማዋን በስሟ አልጠራትም፤ አስፋልት መሐሏን ሰንጥቋት የሚያልፍ፣ አንድ መናኸሪያና ሁለት ወፍጮ ቤት ያላት ከተማ ናት ማለት ይበቃል።

ወቅቱን በተመለከተ፦ የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን፣ አሥራ አንድ ወር ያለ መጋረጃ የኖረ ቢሮ በሰኔ መጋረጃ እንደሚያስፈልገው ድንገት ይገለጥለታል። በማግስቱ ሐምሌ ሲብት ደግሞ የግብር መክፈያው ጊዜ ይገባል። እንግዲህ በሁለቱ ወራት መጋጠሚያ ላይ መንግሥት ያለውን ገንዘብ ማውጣት ጨንቆት፣ ነጋዴው የሚያወጣው ገንዘብ አጥቶ ጨንቆት ይገናኛሉ። የሚገናኙበት ቦታ አዳራሹ ነው።

ስለ አቀማመጥ ብዙ የሚባል የለም። ሰው ከኋላ ይቀመጣል። አስተባባሪው «ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፤ ማንም አይጠጋም፤ ስብሰባው ይጀመራል።

ሪፖርቱም ቶሎ ያልፋል። በጀቱ መደበኛና ካፒታል ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። መደበኛው ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ነው፤ ካፒታሉ መንገድ፣ ውሃና መማሪያ ክፍል የሚሠራበት ነው። ግንኙነታቸው የታላቅና የታናሽ ወንድም ነው፤ ታላቁ በልቶ ሲነሳ ታናሹ ወደ ገበታው ይጠራል። አቅራቢው ይህን ሁሉ በመቶኛ እያሰላ፣ ግድግዳ ላይ በተወጠረ አንሶላ ላይ እያሳየ ይሄዳል። መብራት የሚጠፋው «ያጋጠሙ ችግሮች» የሚለው ገጽ ላይ ሲደረስ ነው። ከችግሮቹ መካከል የመጀመሪያው የመብራት መቆራረጥ ስለሆነ ገጹ ባይታይም ተብራርቷል ተብሎ ይወሰዳል።

የጥናታችን እምብርት የሚጀምረው ሰብሳቢው «እንግዲህ መድረኩ ለናንተ ክፍት ነው» ሲል ነው።

ተናጋሪዎችን ለመመደብ አዲስ ዘዴ መፍጠር አላስፈለገም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዮችን በሦስት ከፍሏቸዋል፦ ዓመታዊ ገቢው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነና የተሟላ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ደረጃ «ሀ»፣ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ያለውና ቀለል ያለ መዝገብ የሚይዝ ደረጃ «ለ»፣ ከ500 ሺህ በታች የሆነና መዝገብ የመያዝ ግዴታ የሌለበት ደረጃ «ሐ»። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ለስብሰባ ጥናት ግን የቀድሞው ይሻላል፤ ሕግ አውጪው ሳያውቀው የአዳራሹን ሰው ቁጭ አድርጎታል።

የደረጃ «ሀ» ተናጋሪ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሦስት ዓመት ሪፖርት በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። «አምና በዚሁ አዳራሽ፣ ገጽ 14፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ…» ብለው ሲጀምሩ መድረክ ላይ ያሉት ሰዎች የታሸገ ውኃ ይከፍታሉ። ሕጉ ለደረጃ «ሀ» ሒሳቡን አጠናቆ እንዲያቀርብ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ ይሰጠዋል፤ ሰብሳቢው ለመምህሩ የሚሰጣቸው ሦስት ደቂቃ ነው።

የደረጃ «ለ» ተናጋሪ ነጥቦቹን በሠርግ መጥሪያ ጀርባ ላይ ጽፎ ይመጣል። «ሦስት ጥያቄ አለኝ» ይላል። ሦስተኛው ይጠፋዋል።

የቀረው ሕዝብ ደረጃ «ሐ» ነው። ምንም አልያዘም፤ የሚናገረውም የሚነገርበትም በግምት ነው። እዚህ ውስጥ ሁለት ዝርያዎች አሉ። አንደኛው ባለ ቅሬታ ሲሆን፣ የሚታወቀው «የሐምሌ ድህነት» ብዬ በሰየምኩት ወቅታዊ ሁኔታ ነው። ሰውዬው በግንቦት ሁለተኛ ሱቅ ከፍቷል፣ ሰኔ ሚካኤልን በድግስ አክብሯል። ሐምሌ ሲገባ ገበያ ይሞታል። የሱቁ ዕቃ ግማሹ የወንድሙ፣ ግማሹ በዱቤ የመጣ ይሆናል። «በቀን ስንት ትሸጣለህ?» ብለው የመጡ ገማቾች ያገኙት መልስ «እናንተ ከገባችሁ ወዲህ ምንም አልሸጥኩም» የሚል ነው፤ መልሱ ደግሞ እውነት ነው። በሌላ በኩል ገማቹም ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው አይናገርም። የሻይ ቤቷ ባለቤት ግምቱ የተጣለባት የተደረደረው ብርጭቆ ተቆጥሮ እንደሆነ ትናገራለች፤ ከእነዚያ መካከል ጆሮ ያለው ስንቱ እንደሆነ ግን አልተጠየቀችም። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምቱ ሲታወቅ በበርካታ ከተሞች ሱቆች እስከመዘጋት ደርሰው ነበርና ይህን ዝርያ በቀልድ ብቻ ማለፍ አይገባም። በአክብሮት እናልፈዋለን።

ሁለተኛው ዝርያ አጠናካሪ ነው። ጥናቱ በእውነት የተጻፈው ለእሱ ነው።

አጠናካሪ የራሱ ሐሳብ የሌለው፣ የሰው ሐሳብ ግን ደካማ ሆኖ ማየት የማይችል ሰው ነው። ሲነሳ «ከእኔ በፊት የተናገሩትን ወንድሜን ሐሳብ ለማጠናከር ያህል» ብሎ ይነሳል። ንግግሩ አራት ክፍል አለው። በመጀመሪያው መድረኩን ያመሰግናል፤ ቀጥሎ ተሰብሳቢውን፣ የጸጥታ አካላትን፣ ዝናቡን ያመሰግናል። በሁለተኛው «ሰዓት ላለመሻማት» ይላል፤ ልምድ ያላቸው ታዳሚዎች ሽንት ቤት የሚሄዱት ይህን ሲሰሙ ነው። ሦስተኛው የከተማዋ ታሪክ ነው፤ ሦስት ቆርቆሮ ቤት ብቻ ከነበረችበት ዘመን ይነሳል፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ይውላል። አራተኛው «አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልቋጭ» የሚለው ነው። ከአራቱ ረጅሙ ይኸው ነው።

ከረጅም ምልከታ በኋላ የአጠናካሪን ንዑስ ዝርያዎች ለይቻለሁ። ተራው አጠናካሪ ቀድሞ የተባለውን ቃል በቃል፣ ነገር ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ጉዳት የለውም። ተቃራኒ አጠናካሪ ደግሞ አለ፦ አንድ አባት ተነስተው የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ በዛብን ብለው ሲቀመጡ «አባቴ ያሉትን ለማጠናከር ያህል፣ በእኔ እምነት የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ እጅግ ያነሰ ነው» ብሎ ይጀምራል። አባት ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙታል፤ ተጠናክረዋልና። ቀዳሚ አጠናካሪ የሚፈጠረው ሰብሳቢው ተራ ሲያሳስት ነው፤ ገና ያልተናገረን ሰው ያጠናክራል። የተጠናከረውም በተራው ሲነሳ «የእኔን ሐሳብ ያጠናከሩልኝን አመሰግናለሁ» ብሎ ስለሚቀመጥ ሐሳቡ ምን እንደነበር ለዘላለም ሳይታወቅ ይቀራል፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ጠንካራ ሐሳብ ተነስቷል» ተብሎ ይሰፍራል።

ራስ አጠናካሪም አለ። ጠዋት ይናገራል። ከሻይ እረፍት በኋላ አፉን ከቦምቦሊኖው ስኳር ጠርጎ ድጋሚ እጁን ያወጣና «ጠዋት አንድ ወንድም በሚገባ እንደገለጸው» ይላል። ወንድምየው ራሱ ነው። ይህን ዝርያ ማስቆም አስቸጋሪ ነው። ሰብሳቢው መጀመሪያ ሰዓቱን ያያል፤ ከዚያ እንዲታይለት አድርጎ ሰዓቱን ያያል፤ ከዚያ ብጣሽ ወረቀት ይልካል። ሰውዬው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፣ በኋላ ሊያነበው። በመጨረሻ አስተናጋጇ መጥታ ማይኩን ከእጁ ትወስዳለች። ያለ ማይክ ይቀጥላል፤ እንዲያውም የተሻለ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ንዑስ ዝርያ ለብቻው መነገር አለበት። እጁን አውጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቋል። ክንዱ ሲደክመው በሌላኛው እጁ ደግፎታል። ተራው ደረሰ። ማይኩ ከረድፍ ረድፍ፣ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ተቀባብሎ ደረሰው። ብድግ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የእኔ ሐሳብ ተነስቷል፤ አመሰግናለሁ» አለና ቁጭ አለ። በአዳራሹ ውስጥ ከዚህ በላይ የሚወደድ ሰው አላየሁም። ካፒታል በጀት የሚተርፍበት ዓመት ከመጣ ሐውልቱን መናኸሪያው በር ላይ እንዲያቆሙለት ሐሳብ አቀርባለሁ፤ የሚያጠናክረኝ አይጠፋም።

ስለ መልስ አሰጣጥ ማንሳት ነበረብን። ሰብሳቢው ጥያቄዎቹን «ሰብሰብ አድርገን እንመልሳለን» ካለ በኋላ ጥያቄዎቹ በእርግጥም ይሰበሰባሉ። ሲመለሱ ከሦስቱ በአንዱ ይመለሳሉ፦ የበጀት እጥረት አለ፣ ጉዳዩ የክልል ነው፣ በሂደት ላይ ነው። እዚህ ላይ መልሶቹንም ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ ለመመደብ ጀምሬ ነበር።

ነገር ግን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት እጃቸውን ሳያወጡ ብድግ አሉ። ምስጋና አላቀረቡም፣ ማንንም አላጠናከሩም። «ልጄ፣ ያ በወረቀቱ አልቋል ብለህ ያነበብከው የወፍጮ ቤቱ ቦይ የት ነው ያለው? እኔ በሩ ላይ ነው የምኖረው፤ ትናንትም ጎርፉ ጋኔን ይዞብኝ ሄዷል» አሉ።

«እማማ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ሰብሳቢው። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ከመሐንዲሱ ጋር በጆሮ ተነጋገረ። «ግንባታው በእቅዱ መሠረት ተጠናቋል። ቦዩ ነው በሂደት ላይ ያለው» አለ።

ሴትዮዋን በየትኛው ደረጃ እንደማስቀምጣቸው ብዙ አሰብኩና ምደባውን እዚሁ ተውኩት። ጋኑ የሞላ ነበር።

ከዚያ በኋላ እጅ ወጣ። በጀቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ እንጂ ይህ ስብሰባ አይደለም፤ እጅ ግን ይወጣል፣ ውይይቱም «በሙሉ ድምፅ የጋራ መግባባት ተደርሶበታል» ተብሎ ይመዘገባል። የበጀቱ ዝርዝር በግቢው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ጨረታና ክፍት የሥራ ቦታ ስለተለጠፈበት ገለጥ አድርጎ ማየት ይቻላል። በሐምሌ የግብር ግምት ላይ የሚደረገው ቀጣይ ስብሰባ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ እንደሚጀመር እዚያው ተጽፏል። 4 ሰዓት ላይ ብትመጡ ትደርሳላችሁ።