ክሱ የሌባው፣ ኪሱ ያንተው

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡናውን ፉት እያለ «ሌባ ነው? ቆልፎ ቁልፉን መጣል!» የሚል ወገን አለን። ስሙትማ ሰዎች! እሺ፣ ቁልፉን ጣልከው። በሩን የሚጠብቀው ዘበኛስ ለጽድቅ ነው የሚያድረው? በካሊፎርኒያ አንድ እስረኛ በዓመት ወደ 130,000 ዶላር ይፈጃል። አንተ በዓመት ስንት ታገኛለህ? ተወው፣ ቡናህ ይበርዳል።

«የሥራውን ዋጋ ይክፈል!» በምኑ? ከፋዩ አንተ! አንተ ግብር ትከፍላለህ፣ እሱ ግብር ይበላል። ድሮ ግብር የሚያበላ ንጉሥ ነበር፤ ዛሬ ኡበር እየነዳህ አንተ ታበላለህ።

በቤዝቦል ሦስቴ የሳተ ይወጣል። ካሊፎርኒያ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ ሦስቴ የሳተ ይገባል፤ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ። ሦስተኛው ጥፋት ከባድ መሆን እንኳ አላስፈለገውም። አንዱ በ1995 ከሁለት ኬማርት ሱቆች ዘጠኝ የቪዲዮ ካሴት አነሳ፤ ሲንደሬላና ስኖው ኋይት ሳይቀሩ። ጠቅላላ ዋጋ 153 ዶላር ከሳንቲም። ፍርዱ? ሁለት 25 ተደራርቦ፣ ሲያንስ 50 ዓመት! ሲንደሬላ እኩለ ሌሊት ላይ ሰዓቷ አለቀ፤ የሱ በፍርዱ መሠረት የሚያልቀው ቢፈጥን በ2046፣ በ87 ዓመቱ ነበር። ጉዳዩ በ«ይግባኝ» የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢደርስ፣ በ2003 ዳኞቹ 5 ለ 4 «ይግባ!» አሉ። 50ን በ130,000 አባዛልኝ። 6.5 ሚሊዮን ዶላር! ሱቁን ገዝተህ ለሌባው ብትመርቅለት ይረክስህ ነበር።

ያረጀ ሌባ ደግሞ አይሮጥም፤ ይታከማል። ስኳር፣ ግፊት፣ ኩላሊት። ከ1976 ጀምሮ የታመመ እስረኛን እያወቁ ችላ ማለት ሕገ መንግሥት መጣስ ነው። አንተ ጥርስህን ለማስነቀል ኢንሹራንስ ትለማመጣለህ፤ እሱ ታጅቦ ሆስፒታል ይሄዳል። የአጃቢዎቹን ኦቨርታይም ማን እንደሚሸፍን ልንገርህ?

«እንግዲያስ አጨናንቆ ማጎር!» ተሞክሯል ጌታው። የካሊፎርኒያ እስር ቤቶች ከተሠሩበት ልክ እጥፍ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም፤ አንድ መጸዳጃ እስከ 54 ሰው ይጋራው ነበር። በ2011 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ቀንሱ!» አለ። ለካሴት ያልራራ ፍርድ ቤት ለሽንት ቤት ራራ።

«ማላላት የልፍስፍሶች ነው!» እስቲ ቴክሳስን ልፍስፍስ በላት፣ ያውም ፊቷ ቆመህ! በዘመናችን በአሜሪካ ከየትኛውም ግዛት በላይ የሞት ቅጣት የፈጸመችውን ቴክሳስን! በ2007 «17,000 አልጋ ያስፈልጋል፣ 2 ቢሊዮን ዶላር አምጪ» ሲሏት፣ ሕግ አውጪዎቿ፣ ሪፐብሊካኑ ጄሪ ማደንና ዴሞክራቱ ጆን ዊትማየር ተማከሩ። (አዎ፣ ሁለቱ ተማከሩ፤ ቡናው ትን አይበልህ።) 241 ሚሊዮን ዶላር ለሱስ ሕክምናና ለአመክሮ አዋሉ። ወንጀል ቀነሰ። በ2011 ሹገር ላንድ የነበረውን ወህኒ ዘጉት። ቆልፎ ቁልፍ መጣል እንዲህ ነው!

ወደ ካሊፎርኒያ ስንመለስ፣ ምርጫ ሲደርስማ አንተን ማየት ነው። በ2012 በሕዝበ ውሳኔ ፕሮፖዚሽን 36 ብለህ የሦስት ጥፋቱን ሕግ አላላህ። በ2024 ፕሮፖዚሽን 36 ብለህ የሌብነትና የዕፅ ቅጣት አጠበቅህ። በ36 ፈትቶ በ36 ማሰር! ቁጥር መቀየር እንኳ ከበደህ? ሌላ 36 ከመጣ፣ ፈቺው ይሁን አሳሪው ጎረቤትህን ጠይቀህ አጥቁር።