«ጋሼ፣ ኔትወርክ የለም እኮ!»

የዘንድሮ ልጆች ሥራቸው ከኢንተርኔት ጋር ይመጣል፣ ከኢንተርኔት ጋር ይሄዳል። መሥመር በተቋረጠ ቁጥር ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው «ጋሼ፣ ኔትወርክ የለም እኮ!» ይሉኛል። «ታዲያ እጃችሁም አብሮ ተቋረጠ?» ስላቸው ይሳሳቃሉ።

መሳቅስ ለእኔ ነበር የሚገባው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) የኮድ ለውጥ መመዝገቢያውን ጊትን ሲሠራ፣ እያንዳንዱ ሰው የኮዱን ሙሉ ታሪክ በገዛ ኮምፒውተሩ እንዲይዝ አድርጎ ነው። ኮሚት ማድረግ፣ ብራንች መክፈት፣ የአምናን ለውጥ ማገላበጥ ቅንጣት ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ የሚፈለገው ለመላክና ለመቀበል ነው፤ ለእሱም ቢሆን መላ አለ።

መጀመሪያ ግን የልጆቹን መላ ስሙልኝ። ሌላኛው ቢሮአችን ከውጭ መሥመር ጋር አይገናኝም፤ ሆን ተብሎ ነው። ኮዱ የሚሄደው በፍላሽ ነው። ልጆቹ ፎልደሩን ዚፕ ያደርጉና «የመጨረሻ» ብለው ይልካሉ፤ ቀጥሎ «የመጨረሻ አዲሱ»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ የእውነት»። ከወዲያ ደግሞ «የመጨረሻ የእውነት የተስተካከለ» ይመጣል። ሁለቱን ማን ያስታርቅ? ሽማግሌው እኔ አይደለሁ፣ እኔው ላይ ይወድቃል! ፍላሹም ቢሆን የትም አድሮ፣ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስ ለቃቅሞ ነው የሚመለሰው።

ኧረ እናንተ ልጆች፣ «ጊት ባንድል» የሚባል ትእዛዝ አለላችሁ! ታሪኩን ከነኮሚቱ ጠቅልሎ አንድ ፋይል ያደርገዋል። በመጀመሪያ ሙሉውን ትልካላችሁ፤ ተቀባዩ ከሰርቨር የወሰደ ያህል ከፋይሉ ላይ ክሎን ያደርጋል። የላካችሁበት ቦታ ላይ ታግ ካስቀመጣችሁ፣ በሚቀጥለው ከዚያ ወዲህ ያለውን ብቻ መላክ ይበቃል። ተቀባዩ ፑል ከማድረጉ በፊት «ጊት ባንድል ቬሪፋይ» ቢል፣ መነሻው ኮሚት እሱ ዘንድ ከሌለ ወዲያው ይነገረዋል። የተቀባዩም ሥራ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሁለታችሁም አንድ የኮድ መሥመር ነክታችሁ እንደሆነ ጊት ግጭቱን ለይቶ ያሳያችኋል፤ ዚፕ ግን የአንዱን ሥራ በሌላው ላይ ገልብጦ ዝም ይላል።

ይህን ሁሉ አስረዳሁ። አንዱ ልጅ ባንድሉን ሠራ፣ ቬሪፋይ አደረገ፣ እኔም መረቅሁት። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ኔትወርክ ሲመጣ በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ።»

መሥመር ለሌለው ቢሮ በቴሌግራም! ምርቃቴን መልስልኝ ልለው ምንም አልቀረኝ።

እናንተ ግን ስሙኝ፦ ፍላሹን ስካን አድርጉ፣ ታጉን አትርሱ፣ ፋይሉንም «የመጨረሻ» አትበሉት። ቀኑን ጻፉበት።