መነጽሬ የጠፋ ዕለት

ወይ ዘመን! በኛ ጊዜ አንድ አቋም ለመያዝ ስንት ሌሊት ይፈጅ ነበር። ኅቡዕ የጥናት ክበብ ትገባለህ፣ ሌኒንን በሻማ ታነባለህ፣ ሳይገባህ ትከራከራለህ፣ ሲገባህ ደግሞ ትፈራለህ። የልጅ ልጄ ግን አቦሉ ሲቀዳ አቋም የለውም፤ ቶናው ሳይደርስ ለመሞት ዝግጁ ነው። «ከየት አመጣኸው?» ስለው ስልኩን ያሳየኛል።

የፕሮፋይል ፎቶውን በሳምንት ሦስቴ ይለውጣል። ሰኞ ባንዲራ፣ ረቡዕ ሻማ፣ ዓርብ ድፍን ጥቁር። «ማን ሞተ?» አልኩት። «ገና አላጣራሁም አባባ፤ ሁሉም ለውጧል» አለኝ። ሟቹ ሳይታወቅ ከል መልበስ!

የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ሲዘጉ፣ «ተመስገን፣ አሁንስ ፊቴን ያየኛል» ብዬ ነበር። የት አባቱ! ቪፒኤን የሚሉትን ጭኖ፣ አምስት ወር ሙሉ የእኔ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩ «ያለሁት ሆላንድ ነው» ሲል ከረመ።

አንድ ቀን ምን እንዳለበት ልየው ብዬ ስልኩን ተቀበልኩት። አንድ ሰውዬ ይጮሃል። መነጽሬን ፍለጋ ትራስ ስር ስዳብስ ቪዲዮው አራቴ ተመላለሰ። ስልኩ ለካ ይቆጥራል! ቆም ያልክበትን «ወደደው» ብሎ ይይዝብሃል። ሌላ የሚጮህ አመጣልኝ፤ ቀጥሎ ከሱ የባሰ። ሐሙስ ላይ ሠላሳ ዓመት ቡና የተጠራራነውን ጎረቤቴን «የእነዚያ ወገን» ብዬ ሰላምታውን በአፍንጫዬ መለስኩ። ምስኪኑ ያዋስኩትን መዶሻ ሊመልስ ነበር የመጣው።

ማታ ልጁ፣ «አባባ፣ አንተስ ያኔ ፓርቲህን እንዴት መረጥክ?» አለኝ። ሌኒንን ልጠራ አልኩና አፈርኩ። እውነቱን ነገርኩት፦ የኢሕአፓን ልሳን «ዴሞክራሲያ»ን በቤቴ በር ስር ያስገባልኝ የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ ኢሕአፓ ሆንኩ። ለወንድሜ የመኢሶኑ «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ቀድሞ ደረሰው። ሁለት ዓመት ከአንድ መሶብ ሳንነጋገር በላን።

«እና በምን ተሻላችሁ?» አለኝ። «ወረቀቱን ማን እንዳመጣው አውቅ ነበራ! ደግሞም ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳየኸው አይቆጥርም» አልኩት። ዝም አለ። መቼም አንድ ቀን ረታሁት።

በነጋታው ይቅርታ ልጠይቅ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጎ በአንድ ዓይኑ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከኋላው አንድ ሰውዬ ይጮሃል።

ለካ የሱም መነጽር ጠፍቷል።