ፔስትራ በሐምሌ ሲዘምት

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ሐምሌ ሲገባ ሦስት ነገር ይበዛባቸዋል፦ ወበቅ፣ ትንኝና የሐበሻ ሰርግ። ለትንኙ የሚረጭ ነገር ይገዛል፤ ለሰርጉም ፖስታ ይታሸጋል። ወበቁን ግን እኅቶቻችን ፊት ለፊት ገጥመውታል። መሣሪያቸው እስከ 450 ፋራናይት የሚግል የፀጉር መተኮሻ፣ ፔስትራ ነው። በዜና አይነገርላቸውም እንጂ እንዲህ ያለ ዘመቻ የት ይገኛል? በየዓመቱ ይዘምታሉ፣ በየዓመቱ ድል ይመታሉ፣ በዓመቱ ደግሞ ቀጠሮ አስይዘው ይመለሳሉ።

ሰርጉ ለምን እዚያ ላይ እንደሚደራረብ ግልጽ ነው። ጾመ ሐዋርያት የሚፈታው ሐምሌ 5 ቀን፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7 መሆኑ ነው። በተክሊል የምታገባ ሙሽራ፣ ልጆቹ ትምህርት ሳይጀምሩ ዘመድ አዝማዱን ልሰብስብ ካለች፣ በሁለቱ ጾሞች መካከል የቀረችላት ሦስት ሳምንት ተኩል ናት። አዲስ አበባ ላይ እነዚህ ሳምንታት ካፖርት የሚፈለግባቸው ናቸው። እዚህ ግን ቀትር ላይ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይሞቃል፤ አየሩም ሊጨመቅ የደረሰ ነው። ቀኖናውን የሠሩት አባቶች የፖቶማክን ወንዝ አላሰቡትም። እኛም አላሰብነውም፤ እነሱ ግን አልኖሩበትም።

ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ሳሎኑ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ይከፈታል። ሙሽራዋ፣ ሚዜዎቿ፣ እናቷ፣ እንዲሁም «እኔ እንኳ ዝም ብዬ ነው የመጣሁት» የሚሉ አንዲት አክስት በተራ ይቀመጣሉ። ይታጠባል፣ ካስክ ይገባል፣ ይሳባል፣ በመጨረሻ ፔስትራው ይመጣል። 450 ፋራናይት ማለት 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ እንጀራ ዓይን የሚያወጣበት ምጣድ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ጭስ ይወጣል። ሠሪዋ «እንፋሎት ነው፣ አይዞሽ የኔ ቆንጆ» ትላለች። ከርዳዳው ሉጫ፣ ሉጫው ዞማ ይሆናል። ሁሉም መስተዋቱ ፊት ፎቶ ይነሣሉ። አስተዋዮች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ማስረጃ እንደማይገኝ ያውቃሉ። ከዚያ በሩ ይከፈታል።

በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚሆነው የተፈጥሮ ሕግ ነው። ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ቅርጹን ከሚይዙለት ማሰሪያዎች አንዱ የሃይድሮጅን ቦንድ ነው። ይህን ማሰሪያ ውኃና ሙቀት ይፈቱታል፤ ፀጉሩ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ በያዘው ቅርጽ መልሶ ይታሰራል። ፔስትራ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ወበቁም ይህንኑ ያደርጋል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ገብቶ ማሰሪያውን ይፈታና ፀጉሩን ወደ ተወለደበት ቅርጽ ይመልሰዋል፤ ለዚያውም ያለ ክፍያ።

ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። የጄኔቫው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር፣ እ.ኤ.አ. በ1783 ባሳተመው መጽሐፍ ከሰው ፀጉር የተሠራ የእርጥበት መለኪያ አስተዋውቋል። አንድ ዘለላ ፀጉር ከደረቅ አየር ወጥቶ እርጥበት የጠገበ አየር ውስጥ ሲገባ በመቶ 2.5 ያህል ይረዝማል፤ ያችን ትንሽ ለውጥ የመሣሪያው መርፌ ታሳያለች። የአየር ጠባይ ጣቢያዎች ለብዙ ዘመን በዚህ ሲለኩ ኖረዋል። እንግዲህ እያንዳንዷ ሚዜ መቶ ሺህ የሚሆን የእርጥበት መለኪያ በራሷ ላይ ተሸክማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች ማለት ነው። መለኪያን በፔስትራ ማስዋሸት ይቻላል። ለሩብ ሰዓት።

ሩብ ሰዓቷን እስከ እኩለ ሌሊት ለማስረዘም የሚከፈለው መሥዋዕትነት ግን ሊመሰገን ይገባል። ሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ፎቶ አለ። ፎቶ አንሺው «ዘና በሉ» ይላል፤ ስምንት ሚዜ አንገት ሳያዞር፣ ጥርስ ሳይገልጥ፣ ትንፋሽ ሳይስብ ዘና ይላል። የሊሞዚኑ መስኮት አይከፈትም። አዳራሽ ውስጥ የክብር ቦታው ከሙሽሮቹ አጠገብ ያለው ወንበር አይደለም፤ ከኤሲው ሥር ያለው ነው። ለዚያ ወንበር ሲሉ የተቀያየሙ ዘመዳሞች አሉ። ከሁሉ የሚከፋው እስክስታው ነው። እስክስታ አንገት ሳይነቀነቅ አይመታም፤ አንገት ከተነቀነቀ ደግሞ ላብ ይመጣል፣ ላብም የሚጀምረው ከፀጉር ሥር ነው። ስለዚህ አዲስ ዓይነት ጭፈራ ተፈጥሯል፤ ከክርን በታች ብቻ ይጨፈራል፣ ጭንቅላት እንደ ተገተረ ይቀራል፣ ፊት በናፕኪን ይራገባል። እሱም አያድንም። ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ በግንባር ዳር ያለው ጨብረር ማለት ይጀምራል። ከዚያ መጸዳጃ ቤት መስተዋት ፊት ሰልፍ ነው፤ ትንሿ ፔስትራ በቦርሳ ተይዛ መጥታለችና።

ወንዶቹ ጥግ ይዘው ይሳለቃሉ። ይሳለቁ። በጥቁር ቀለም የተድበሰበሰው ሽበታቸው ከላባቸው ጋር ወደ ነጩ ኮሌታ መውረድ ሲጀምር ሳቁ ተራውን ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ድካም የሰለቻት ወደ ከባድ መሣሪያ ትሸጋገራለች፤ «ኬራቲን ትሪትመንት»። ስሙ ቫይታሚን ይመስላል። ከእነዚህ ምርቶች አንዳንዶቹ ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድ ይለቃሉ፤ ጠርሙሳቸው ላይ «ፎርማልዴሃይድ የለውም» የሚል የተጻፈባቸው እንኳ ሳይቀሩ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ሳሎኖችን ያስጠነቀቀው በዚሁ ጉዳይ ነው። ፎርማልዴሃይድ በውኃ ሲሟሟ ፎርማሊን ይሆናል፤ ሬሳ እንዳይፈርስ የሚደረግበት ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ብሎ ከመደበው ሰንብቷል። ለአንድ ቅዳሜ ሰርግ የአስከሬን መድኃኒት መቀባት ደግሞ አርቆ አሳቢነት ነው፤ ፀጉሩ ከባለቤቱ በኋላም ቀጥ እንዳለ ይቆያል።

ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ጥናት 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ገደማ የተከታተለ ነው። ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የተጠቀሙ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማኅፀን ካንሰር የመያዛቸው ዕድል በመቶ 4.05 ሆኖ ተገምቷል፤ ነክተውት የማያውቁት 1.64 ነው። ጥናቱ ሁለቱ አብረው መሄዳቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አላረጋገጠም። እኔ ግን ለልጄ ቢሆን ማረጋገጫውን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም።

ወደ ዘመቻው እንመለስ። ስንቅ አቅራቢዎቹ አገር ቤት ያሉ እናቶች ናቸው፤ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ግሊሰሪን ይልካሉ። ግሊሰሪን ውኃ ስቦ የሚይዝ ነገር ነው። ሐምሌ በዲሲ ግን የሚሳበው ውኃ ማብቂያ የለውም፤ ፀጉሩ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይነሣል። ሲሊኮን ያለበት ቅባት ለጥቂት ሰዓት እርጥበቱን ከውጭ ያግደዋል፤ ላቡ ግን የሚመጣው ከውስጥ ነው። ስለ ቅቤው አላወራም፤ በ32 ዲግሪ ቅቤ ወዴት እንደሚወርድ የትራሱ ጨርቅ ይመስክር።

በዚህ ሁሉ ጀግንነት መካከል ዘመቻውን የከዱ ሰነፎች አሉ። ከሰርጉ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ላቡንና ጨውን በደንብ ይታጠባሉ፣ ጥቂት ዘይት ነካ አድርገው ሹሩባ ይሠራሉ፤ ቅዳሜ ተነሥተው ቀሚሳቸውን ለብሰው ይመጣሉ። ፀሐይ ላይ ይቆማሉ፣ መስኮት ይከፍታሉ፣ ትከሻቸው እስኪወልቅ እስክስታ ይመታሉ። ላባቸው ሲወርድ ይጠርጉታል፤ ፀጉራቸው እንደ ተሠራ ነው። አፄ ቴዎድሮስም ሹሩባ ተሠርተው ነበር የዘመቱት፤ በሰው ዘንድ ግን ሚዜ በሹሩባ «ለሰርግ አልተዘጋጀችም» ይባላል።

ደግሞ ይህን የሚሉት እነማን ናቸው? በማግሥቱ እሑድ መልስ አለ። ያው ወበቅ፣ ያው ከተማ፣ ያውም አዳራሽ ሳይሆን የአማቾች ጓሮ፣ ድንኳን ሥር፣ ኤሲ በሌለበት። እነዚያው ሚዜዎች ግን የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ሹሩባ ተሠርተው ይመጣሉ፤ ለባህል ነው ይላሉ። ሲጨፍሩ ያመሻሉ፣ መስተዋት የሚፈልግ የለም፣ ናፕኪንም መራገቢያ አይሆንም። ሌሊቱን ሙሉ በፔስትራ የተቃጠለውን ሲጎነጉኑ ማደራቸውን ግን ማንም አያነሣውም።

እንግዲህ በሚመጣው ሐምሌ ሰርግ ያላችሁ ሙሽሮች፣ ለሚዜዎቻችሁ አዝኑ። የቅዳሜ ንጋቱን ቀጠሮ ሰርዙና የእሑዱን ሹሩባ ሐሙስ ማታ አሠሩ። ፔስትራውን ለጥር አቆዩት፤ የዲሲ ጥር ደረቅ ነው።