አሥራ አምስተኛው ዘንግ

ለሚወለድ ልጅ አልጋ በእጅ መሥራት ደስ የሚል ሥራ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ጣጣው ልግባ፤ ጣጣውን ብቻ የሰማ ሰው ገና በጠዋቱ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። ባለቤቴ ማርገዟ እንደታወቀ ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ የመከረኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ምን አደከመህ? ተገጣጣሚው በየሱቁ ሞልቶ የለ!» ሞልቷል፣ ዞሬ አይቼዋለሁ። አብዛኛው ኤምዲኤፍ ነው፤ የደቀቀ እንጨት በሙጫ ተጨፍልቆ በነጭ ቀለም የተለበጠ። ብሎኑን ፈትተው መልሰው ሲያስሩት ቀዳዳው ይላላል። ከቤት ቤት ለሚዞር ተከራይ ደግሞ አልጋ መፈታቱ አይቀርም። ልጄ ይዛው የምትነሣው፣ ጥርስ ስታበቅል በድዷ የምታኝከው ዕቃ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ፈለግሁ። ልቤ ያለው ዋንዛ ላይ ነበር።

ጅማ አካባቢ ላደገ ሰው ስለ ዋንዛ ማስረዳት አያስፈልግም። ቡናው ከሥሩ ይጠለላል፤ ንቡ ነጭ አበባውን ይቀስማል፤ ልጁ እጅ የሚያጣብቀውን ፍሬውን ይመጥጣል። የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ያለ ሙጫና ያለ ምስማር ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሲወጣ ግንዱ ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው። ለመጋዝም ለመሮም ይታዘዛል፤ ሲደርቅ እንደ ባሕር ዛፍ አይጠማዘዝም። የተመናመነውም በዚሁ መልካምነቱ ነው። የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ዋንዛን ከዝግባ፣ ከጽድና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች መድቦት ነበር። ስለዚህ ጣውላ ቤት በገባሁ ቁጥር ከዋጋው በፊት የምጠይቀው «ከየት የመጣ ነው?» የሚለውን ነበር። አንዳንዱ ሻጭ የገበሬ ማሳ ላይ የበቀለ መሆኑን በወረቀት ያሳየኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ፊቱን ያዞርብኛል።

ወረቀት ካሳዩኝ አንዱ «ዓመት የተኛ ነው፣ ደረቅ!» ብሎ ማለልኝ። የጣውላው ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ነበር። አናጢዎች ጣውላ በአየር ሲደርቅ ለየ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል ይላሉ። ጭነን ሰፈራችን ያሉት አናጢ ዘንድ አደረስነው። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በርና መስኮት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ከጎናቸው ሆኜ እንድሠራ ፈቅደውልኛል። ጋሼ ከጣውላው ጫፍ ቆረጥ አደረጉና አዲስ የተቆረጠውን ፊት ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት። ትንሽ ቆዩ። ከዚያ የእኔ ጉንጭ ላይ ለጠፉት፤ ቀዘቀዘኝ። ቀጥለው ከጣሪያቸው ሥር ዓመታት የቆየ ቁራጭ አምጥተው እንደዚያው አደረጉ፤ እሱ ለብ ያለ ነበር። «ውሃውን አልጨረሰም» አሉኝ። «ዛሬ ዘንጉን ብናጠብቀው በጥር ይላላል፣ መጋጠሚያውም አፉን ይከፍታል። ለበር ይሁን ብል እንኳ ለልጅ አልጋ አልሠራበትም።» ሻጩ ዘንድ ስመለስ መልሱ አጭር ነበር፤ መጋዝ የነካው አይመለስም። ገንዘቡን እረሳዋለሁ። ለሕፃን አልጋ መሆኑን እየነገርኩት መማሉን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«አሮጌ ፈልግ» አሉኝ ጋሼ። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለው ሁሉ እንደገና ሥራ የሚያገኝበት ቦታ ነው፤ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጎማው ጫማ ይሆናል። እዚያ አንድ የድሮ ቁም ሣጥን አገኘሁ፤ በሮቹ አረንጓዴ ዘይት ቀለም የተቀቡ፣ ጎንና ጎኑ መደርደሪያውም ጭምር ምንም ያልነካው ዋንዛ። በሮቹን እዚያው ተውኳቸው። የድሮ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ የሕፃን አንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ያ ቁም ሣጥን ግን ደንቡ ከመውጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የተቀባ ነው። ሻጩ በሮቹን ለምን እንደማልፈልጋቸው ሲጠይቀኝ አስረዳሁት፤ ለሌላ ሰው ከመሸጡ በፊት እንዲነግርልኝም ለመንኩት።

አሮጌ እንጨት ሆዱ ውስጥ ምስማር ይደብቃል። ምስማሩን ሁሉ ነቅለን ጨርሰናል ባልንበት ቀን ጣውላው መላጊያ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ አንድ ጊዜ ጮኸና ቆመ፤ ስለቱ ተሸርፏል። ጭንቅላቱ የተቆረጠ ምስማር ነበር፤ ከላይ ምንም አያስታውቅም። ስለቱ እስኪሳል ሳምንት ቆምን፤ ስለቱ ሲመጣ መብራት ሄደ፤ መብራት ሲመጣ የእኔ ሥራ አላፈናፍን አለኝ። በመጨረሻ የጋሼ ልጅ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥቶ ሰጠን። ጣውላውን በማግኔቱ ቀስ እያልን ስንዳብሰው ሁለት ቦታ ላይ ያዝ አደረገን። በመሮ ቆፍረን አወጣናቸው። ከዚያ ወዲያ ማግኔት ያላለፈበት እንጨት ማሽን አላስገባንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ ወደ ዘንጎቹ። የአልጋው ውስጥ ርዝመት 120፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ጋሼ በአንድ ጎን 12 ዘንግ ይበቃል አሉ፤ ጠንካራ ነው፣ ያምራል፣ እንጨትም ይቆጥባል። እኔ ደግሞ የአሜሪካኖቹን ልክ አንብቤ ነበር፤ በዘንግና በዘንግ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ምክንያቱ ሲነበብ እንቅልፍ ይነሣል። ሕፃን በእግሩ በኩል ክፍተቱ ውስጥ ሲገባ ሰውነቱ ይሾልክና ጭንቅላቱ ይቀራል። ወረቀት ላይ አብረን አሰላን። ዘንጉ 2 ሴንቲ ሜትር ቢወፍር፣ 12 ዘንግ 13 ክፍተት ይፈጥራል፤ እያንዳንዱ ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ጋሼ 14 ላይ ደረሱልኝ። 14 ዘንግ፣ 15 ክፍተት፣ 6.13 ሴንቲ ሜትር።

«እንግዲህ አንድ ሚሊ ሜትር ናት!» አሉኝ። «ጋሼ፣ አንዷ ሚሊ ሜትር እኮ በዚያ በኩል ናት» አልኳቸው። እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ዝም ብለው አዩኝ። በዕድሜያቸው የሠሩት በር ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይመሰክርላቸዋል፤ እኔ ደግሞ መዶሻ በወጉ የያዝኩት በቅርቡ ነው። ክርክሩን የፈታው ስሌቱ ነው። 15 ዘንግ፣ 16 ክፍተት፣ 5.6 ሴንቲ ሜትር። ጋሼ ከቁራጭ እንጨት 5.6 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ኩብ ቆረጡና በየዘንጉ መካከል እየሰደሩ ለኩ። የለስላሳ ቆርቆሮም አምጥተን ሞከርን፤ በየትም በኩል አላለፈም። ይህን ስል ስለ አንዲት ዘንግ ብዙ ማውራቴ ይታወቀኛል፤ ግን ሰው ስለ ልጅ አልጋ ሲያወራ ስለ እንጨቱና ስለ ቀለሙ ብቻ ያወራል። ልጅን የሚጠብቃት ወይም የሚጎዳት ክፍተቱ ነው። አናጢው በጣም መለካት ያለበት እንጨት የሌለበትን ቦታ ነው።

ጋሼ አንድ ጎኑ ወደ ታች ተንሸራትቶ የሚከፈት ቢሆን እናትየዋ ወገቧን አያማትም ብለው ነበር። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ብዙ አገርም እንደዚያ ሲሠራ ኖሯል። አሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንዲህ ያለ አልጋ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ተንሸራታቹ ጎን ሲላላ ከፍራሹ ይለይና ሕፃኑ በመካከሉ ይታፈናል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ቢያንስ 32 ሕፃናት እንደሞቱበት ተመዝግቧል። ቁጥሩን ስነግራቸው ጋሼ ስለዚያ ነገር ሁለተኛ አላነሡም። አራቱም ጎን የማይነቃነቅ ሆነ፤ ወገቧን እንዳያማት ወለሉን በሁለት ከፍታ እንዲታሰር አደረግነው።

የባለቤቴ እናት ከደብረ ማርቆስ ሲመጡ ሌላ ፈተና መጣ። «ልጄ፣ ልጅ ሳይወለድ አልጋ አይሠራም» አሉኝ። ልጅቷ ተወልዳ እስክትመጣ አልጋው ቤት እንዳይገባ ተስማማን፤ ጋሼ ዘንድ ቆየ። እማማ ሌላም ነገር ነበራቸው። ልጅ የሚተኛው ከእናቱ ጎን ነው፤ ሌሊት ስትነቃ እጇ ሊደርስበት ይገባል፤ «በዘንግ የታጠረ ቦታ ብቻውን ምን ሊሆን?» ይህን ሲሉ አልተከፋሁም፤ የሕፃናት ሐኪሞችም የሚሉት ከዚህ የራቀ አይደለም። ሕፃን ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ መኝታ ይተኛ ነው ምክሩ። አልጋውን ከባለቤቴ አልጋ አጠገብ፣ እጇ በሚደርስበት እንደማኖረው ስነግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ። አልጋው ውስጥ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ እንዳይኖር ስናገር ግን እንደገና ተጨነቁ፤ ባዶ አንሶላ ላይ በጀርባዋ መተኛቷ አልዋጥላቸው አለ። አሜሪካ ውስጥ በጀርባ ማስተኛት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሰፊው ከተሰበከ በኋላ ድንገት በእንቅልፍ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል መቀነሱን ነገርኳቸው። የሰፉትን ውብ ብርድ ልብስ ቀን ቀን እሳቸው ሲያቅፏት እንዲያለብሷት ተስማማን።

ቫርኒሽ አልቀባነውም። የተልባ ዘይትና ንጹሕ ሰም አቅልጠን በጨርቅ እያሸን አስገባንበት፤ የዋንዛው ቀይ መልክ ያኔ ወጣ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል፤ ስለዚህ ጨርቆቹን ገመድ ላይ ዘርግተን አደረቅናቸው። የአናጢ ሥራ ቦታ ሙሉ ሰጋቱራ ነውና ይህን የሚሠራ ሁሉ ቢያውቅ እወዳለሁ።

ልጃችን ከተጠበቀው ቀን ቀድማ መጣች። እማማ እልል እያሉ ገንፎውን ሲያገነፉ እኔ አልጋውን ፈታትቼ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ አወጣሁት። ስገጥመው አንድ ብሎን የለም። ቀኑ እሑድ ነው፤ ያገኘሁት ሱቅ ሁሉ ውፍረቱ ሲገጥም ርዝመቱ ያጥራል። ሰኞ ብሎኑ ተገኘ፣ ፍራሹ ደግሞ ተበላሸ፤ ያሠራሁበት ቤት በርዝመቱ አሳጥሮ ቆርጦታል። በፍራሹና በእንጨቱ መካከል ከሁለት ጣት በላይ ከገባ ክፍተቱ በዝቷል ማለት ነው፤ እኔ አራት ጣቴን ጨመርኩበት። ሌላ ቆርጠው እስኪሰጡኝ ባለቤቴ ትልቁን አልጋ አልለቅም አለች፤ ልጃችን ከባዶ ሣጥን የተሠራ መኝታ ላይ፣ ከእናቷ ራስጌ አጠገብ ቆየች። ፍራሹ ሲመጣ በአራቱም ጎን ሳይላላ ገባ። አልጋው ላይ ሲያስተኟት እማማ ዘንጎቹን በየተራ እየያዙ ነቀነቋቸው፤ አንዱም አልተነቃነቀም። «ደህና ነው» አሉ። ከእሳቸው ይህን መስማት ቀላል አይደለም።

አሁን መቀመጥ ጀምራለች፤ ወለሉን ወደ ታችኛው ቀዳዳ አውርጄዋለሁ፤ ካልወረደ ቆማ ጠርዙን ስትይዝ ትወድቃለች። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን የመጀመሪያ ልጁን እየጠበቀ ነው፤ ልኩን ሊወስድ መጥቶ ዘንጎቹን ቆጠረ። የእሱም አናጢ 12 ይበቃል ብሎታል። ቅዳሜ አብሬው እሄዳለሁ፤ ጋሼም የቆረጡትን ኩብ አውሰውኛል።